የአጸደን ሻይ ያጠጣኝ

በአንድ ወቅት፣ ከላይ ውርጭ የሚያወርድ ደጋ፣ ከታች ትርንጎ የሚያበቅል ቆላ ባለበት ተዳፋት መካከል ቆቅ ውሃ የምትባል መንደር ነበረች። በመንደሯም አቶ ወልደየስ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ድንበር የተጋፋ፣ ትዳሩ የታመሰበት፣ በውርስ ከወንድሙ የተኳረፈ ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ደጅ ነው። ከቤታቸው ፊት ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ግራ ቀኙን ሰምተው፣ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ከተናገሩ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ይህን እሳቸውም ያውቁታል። አልፎ አልፎ ትንሽ ይኮሩበት ነበር ይባላል፤ እኔ ግን በዚህ አልፈርድባቸውም።

ሚስታቸው ወይዘሮ አጸደ ይባላሉ። አጸድ ማለት የአትክልት ቦታ ማለት ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ከቤቱ ጀርባ ከድንጋይ ሥር በምትወጣ ቀጭን ምንጭ የምትጠጣ አንዲት ጓሮ ነበረቻቸው። ናናው፣ ኮሰረቱ፣ ጠጅ ሳሩ፣ ጤና አዳሙ በየመደቡ ይበቅልባታል። ወይዘሮ አጸደ ጠዋት ጤዛው እንደ ረገፈ ቅጠሉን ይለቅማሉ፤ ሰፌድ ላይ አስጥተው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በጥላ ያደርቁታል፤ ከዚያ በየቅሉ ከትተው ይደፍኑታል። ሰው ሲመጣ ከዚህኛው ቅል ቆንጠር፣ ከዚያኛው ጨበጥ አድርገው ሻይ ያፈላሉ። ሊካሰስ የመጣ ሁሉ ከነገሩ በፊት የሚቀርብለት ይኸው የቅጠል ሻይ ነው፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ግማሹ ቁጣ ወጥቶለታል። ከፍርዱ እኩሌታው የአጸደ ነው የሚሉ ሰዎች ነበሩ። አቶ ወልደየስ ባሉበት ግን አይሉትም።

ከጊዜ በኋላ ወይዘሮ አጸደ ታመሙ፤ ብዙ ተኝተውም አረፉ። ልቅሶው አለፈ፣ አጽናኙም ወደየቤቱ ተመለሰ። አቶ ወልደየስ ግን ከሐዘኑ አልተመለሱም። እህል እንደ ነገሩ ይቀምሳሉ፤ ሻይ የሚባል ግን በአፋቸው አይዞርም። ጎረቤት ሁሉ አፍልቶ ያመጣላቸዋል፤ እሳቸውም አሽትተው «ይህ ሙቅ ውሃ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሰውነታቸው መንምኖ፣ ሳል ይዟቸው፣ አልጋ ላይ ቀሩ። ሊካሰስ የሚመጣውም ሰው የድንጋዩን መደብ ባዶ ሲያገኘው ከነቂሙ ይመለስ ጀመር።

የተስካሩ ዕለት መንደሩ ተሰብስቦ ሳለ፣ እባክዎ አንድ ነገር አፍዎ ላይ ያድርጉ ብሎ ሁሉም ለመናቸው። ልጆቻቸውም ሦስቱም እዚያው ነበሩ። አቶ ወልደየስ ከትራሳቸው ቀና ብለው በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ አሉ።

«የአጸደን ሻይ ያጠጣኝ ልጅ፣ ጓሮው የእሱ ነው።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ሰው ሁሉ የያዛት ቀላል መስላው ነው። ለሦስት ይካፈሉት እንዳትሉ ደግሞ ጓሮይቱ የምትኖረው በዚያች በአንዲት ቀጭን ምንጭ ነው። ወይዘሮ አጸደ ውሃውን መደብ በመደብ፣ በተራ በተራ ነበር የሚያደርሱት። ከተካፈለች የሚገኘው ሦስት የደረቀ መሬት ነው። ይህንን ሦስቱም ልጆች ያውቁታል።

ሦስቱም ደግሞ ጓሮዋን አጥብቀው ይፈልጓታል። የመጀመሪያይቱ ይታይሽ ትባላለች፤ ትዳሯ ፈርሶ ከለበሰችው ልብስ በቀር ምንም ሳትይዝ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ናት፤ በዚህ ዓለም የእኔ የምትለው አንድ ጋት መሬት የላትም። ሁለተኛው አንዳርጌ ነው፤ ደጋ ወጥቶ ጎጆ ቀልሷል፤ ገብሱን ውርጭ እየመታበት ልጆቹን የሚያበላው ያጣል። የመጨረሻይቱ ጥሩዘር ናት። እናቷ በታመሙ ጊዜ ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ የደገፈች እሷ ናት፤ እጮኛዋ ጠብቆ ጠብቆ ሌላ አገባ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላማረረችም፤ ሰው ግን ያውቃል።

ይታይሽ አፍንጫዋ የተባረከ ነው። ገና ልጅ ሳለች ከአጥር ወዲህ ሆና የጎረቤት ወጥ ምን እንደጎደለው ትናገር ነበር፤ ይህ ተሰጥኦ ወዳጅ አያበዛም። የእናቷን ቅሎች አወረደች። ባዶ ናቸው፤ የመጨረሻው ቅጠል ያለቀው በሕመሙ ጊዜ ነው። ሽታው ግን ከቅሉ አይወጣም። አንድ በአንድ እያሸተተች፣ ይህ ጦስኝ ነው፣ ይህ ኮሰረት፣ ይህ ጠጅ ሳር፣ ይህ የናና ቅጠል፣ ይህች ደግሞ ሽታዋ ብቻ እንዲሰማ የገባች ጤና አዳም ናት እያለች ለየች። የትርንጎ ልጣጭም አገኘች። የእናቷ የእጅ ድብልቅ ይቀመጥባት የነበረችውን ትንሿን ቅል ስታሸት ግን አንድ ያልለየችው ነገር ቀረ። ሌላውን ሁሉ ደባልቃ አፈላችው፤ ከእናቷ ሻይ ሩቅ አልነበረም፤ ራሱ ግን አልነበረም።

ጎረቤት ለጎረቤት ዞራ ጠየቀች። አንዷ ያለ በሶብላ ሆኖ አያውቅም ብላ ማለች። በቅርቡ የተገላገለችው አራስ አብሽ ነበረበት አለች። የደብሩ መሪጌታ ደግሞ ዝንጅብል ነው፣ ጉሮሮዬ ይመሰክራል አሉ። ይታይሽ በመጀመሪያ ሁሉም የሚዋሹ መሰላት። ኋላ ነው ነገሩ የገባት፤ እናቷ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሻይ አፍልተው አያውቁም። የመጣውን ሰው ፊት አይተው ነበር ቅል የሚያነሱት። ይታይሽም ለእናንተ ያፈላችላችሁን አይደለም የምፈልገው፣ ለአባቴ የምታፈላውን ነው ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ያቺን ያልታወቀች ነገር ቅጠል በቅጠል ስትፈልጋት ሰነበተች። የወንዝ ዳር ቅጠል አሸተተች፣ የአጥር ቅጠል አሸተተች፣ ፍየል የማይደፍረውን ሁሉ ቀመሰች። የቅጠል ሻይ ሲባል ሰምታ ያደገች ሰው ከቅጠል ሌላ ምን ትፈልግ? አንድ ቀን ጎረቤቷ ገብስ ስትቆላ ጥቂት አረረባት። ሽታው አጥር ተሻግሮ ሲመጣ ይታይሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቅጠል አልነበረም፤ ጠቆር ያለች የገብስ ቆሎ ነበረች። ወይዘሮ አጸደ ለባላቸው ሻይ ከቆሎው ጥቂት ጣል ያደርጉ ኖሯል።

ይታይሽ ሻዩን አፈላች። ማንቆርቆሪያው ክዳኑን ሲያነሳ እሷ ራሷ ዕንባዋ መጣ፤ ቤቱ እናቷን እናቷን ሸተተ። ለአባቷ ቀድታ ሰጠቻቸው። አቶ ወልደየስ ስኒውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ፉት አሉ።

«አጸደ ናት» አሉ።

ስኒውንም አስቀመጡት። ይታይሽ ይጠጡ አባባ ብትል ብትለምን አላነሱትም። ያን ዕለት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ዋሉ፤ ሻዩም እንደተቀዳ በረደ። በማግስቱ አፈላች፤ በሩቁ ሽታውን ሲሰሙ እንኳ ዓይናቸው ዕንባ ያዘ። በዓለም ላይ ያንን ሻይ የሚያህል የሚወዱት አልነበረም፤ ሐዘናቸው ግን ሊያስጠጣቸው አልቻለም።

አባትህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ የሚለው ወሬ ደጋ ሲደርስ አንዳርጌ ወረደ። አንዳርጌ አፍንጫው ለማስነጠስ ብቻ የተሰጠው ሰው ነው፤ ኮሰረትና በሶብላ ቢያቀርቡለት ሁለቱንም ሣር ነው የሚለው። ስለ ሻዩ ማንንም አልጠየቀም። ከአባቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠና ሲያያቸው ዋለ። ሳላቸውን ሰማ፣ እግራቸውን ዳሰሰ፣ በረዶ ሆኖ አገኘው። የከንፈራቸውን መድረቅ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደጋው ተመለሰ።

ወሩ ጥቅምት ነበርና ጦስኙ አብቧል። አንዳርጌ ገደል ለገደል ዞሮ አበባ የያዘውን መርጦ ቆረጠ፤ በጥላ አደረቀው። ቆላ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ዝንጅብል አስመጣ፤ ከቀፎው ማር ቆረጠ፤ የቀረችው ቀፎ ያቺው ነበረች። ይህን ይዞ መጥቶ ጦስኙን ቆንጠር አድርጎ፣ ዝንጅብሉን ወቅጦ፣ ማሩን ጣል አድርጎ አፈላና ለአባቱ በእጁ ያዘላቸው። አቶ ወልደየስ ቀመሱ። ደገሙ። አተላው እስኪታይ ድረስ ጠጡት። ቆየት ብለውም ያ ነገር የቀረ አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

እንዲህ እያለ ሳላቸው ረገበ፣ እግራቸው ሞቀ፣ ገንፎ ጠየቁ። ጥቂት ሰንብተው በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው እስከ ደጅ ወጡ። መንደሩ አንዳርጌ ጓሮውን ወሰደ አለ። አቶ ወልደየስ ግን እውነት ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ዝም ብለው ሊያልፉት አልቻሉም።

«መልካም ሻይ ነው ልጄ» አሉት። «የእናትህ ግን አይደለም።»

 አንዳርጌም እንዲህ አለ፦ «እማዬ ፊት ሳታይ ቅጠል አንሥታ ታውቃለች? ዛሬ ብትኖርና እንዲህ ሆነው ብታይዎ፣ የምታፈላልዎ የድሮውን አልነበረም።»

ይታይሽ ከማዕዘን ሆና ይህ ማር ነው እንጂ ሻይ አይደለም አለች። አቶ ወልደየስ ግን አልሳቁም። 

አሁን ጥሩዘር ቀረች። ጥሩዘር እንደ ታላቅ እህቷ አፍንጫ የላትም፤ እንደ ወንድሟ ገደል የምትወጣበት እግርም የላትም፤ ያላት ትዕግሥት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንደ እሷ ላለው ነው። አንዳርጌ ወደ ልጆቹ ከተመለሰ በኋላ ጦስኙ እየጎደለ፣ ማሩ እየተመናመነ ሄደ። አባቷም ጠዋት ጠዋት ስኒ የሚያቀብላቸው እጅ ሲጠብቁ ታያቸዋለች። እናቴ ስትሞት ሻይ ያጡት ሌላው ሲያፈላላቸው ስለኖሩ ነው፤ ነገ እኛም ብንጠፋስ ብላ አሰበች። በዚህም ሐሳብ ብዙ ጊዜ ቆየች።

አንድ ጠዋት አባቷን በእጃቸው ይዛ በቤቱ ዞራ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። በዚያ አገር ልማድ ጓሮ የሴት ግዛት ነው። ወንድ አጥሩን ያጥራል፣ መደቡን ሊቆፍር ይችላል፤ ቅጠል ለቅሞ ሻይ የሚያዋህድ ወንድ ግን ታይቶ አይታወቅም። አቶ ወልደየስ አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያች ጓሮ የወጣ ሲጠጡ ኖረው የጓሮዋን ደጅ ተሻግረው አያውቁም ነበር። ሚስታቸውን የሚፈልጓቸው እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆመው በመጣራት ነው። ጥሩዘርም አባባ ኮሰረት የቱ እንደሆነ ጠፋኝ፣ ያሳዩኝ አለቻቸው። ውሸቷን ነው፤ ያደገችው እዚያው መደብ መካከል ነው።

አቶ ወልደየስ ደጁ ላይ ቆሙ። «ወንድ ጓሮ ገብቶ ቅጠል ለቀመ ሲባል ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ለፍርድ እርስዎ ዘንድ ይመጣል እንጂ፣ እርስዎ ሰው ዘንድ አይሄዱም» አለቻቸው።

ገቡ። በዓይናቸው አንዱንም አያውቁትም። ይታይሽ የዘረዘረችውን ስም በጆሯቸው ይዘውታል፤ የትኛው ስም የየትኛው ቅጠል እንደሆነ ግን ማኘክ ነበረባቸው። አኝከው አንዱን ይህስ ናና ነው ሲሉ ያገኙታል፤ ሌላውን ሲስቱት ጥሩዘር ሳታርማቸው ታልፋለች። የመጀመሪያ ዕለት ጤና አዳሙን በእፍኝ ጨመሩት። ያፈሉት ሻይ እንደ ሬት መረረ። ጥሩዘር ስኒዋን ፊቷን ሳታኮማትር እስከ መጨረሻው ጠጣችው። መረረሽ ብለው ጠየቋት። ትንሽ አለች።

በሚቀጥለውም ቀን ገቡ፤ በሚቀጥለውም። አንዱ ቀን ሣር ሣር አለ፣ አንዱ ቀን አረረ፣ አንዱን ቀን አፍስሰውት ተቆጥተው ወጡ። ጥሩዘር ማንቆርቆሪያውን አጥባ ለማግስቱ ታዘጋጃለች። ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር መጣ፤ አቶ ወልደየስ ስለ ሚስታቸው መናገር ጀመሩ። ወይዘሮ አጸደ ካረፉ ወዲህ ስማቸውን ያለ ዕንባ አንሥተው አያውቁም ነበር። አሁን ጠጅ ሳር እየቆረጡ፣ አጸደ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ይህንን ከእናቷ ቤት በእንስራ ውሃ ነክራ አመጣችው ይላሉ። ናናውን እያሸቱ፣ ስንጣላ ናናውን ታበዛው ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አትጨምርበትም ይላሉ። ጥሩዘር እየሳቀች ታዳምጣቸዋለች፤ አንዳንዱን የእናቷን ነገር ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም ነበር። እሷም ብትሆን እናቷን ናፍቃ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ከረመ። አንድ ጠዋት አቶ ወልደየስ ራሳቸው ለቅመው፣ ራሳቸው አድርቀው፣ ራሳቸው ያዋሃዱትን አፈሉና ቀዱ። ፉት አሉ። ደገሙ። ስኒውን ሙሉ ጠጥተው ሲጨርሱ ሌላ ቀዱ።

«አጸደ የምታፈላው ይህንን ነበር» አሉ።

ይታይሽ ተጠርታ መጣች። አሸተተች። ውሸት ብትናገር በዚያ ቀን ማንም አይቀየማትም ነበር፤ እሷ ግን አፍንጫዋን መካድ አልቻለችም። «ጠጅ ሳሩ በዝቷል፣ ቆሎውም የለበትም። አይደለም አባባ» አለች። አቶ ወልደየስ ሳቁ፤ ከተስካሩ ወዲህ ሲስቁ ያን ቀን ነበር የመጀመሪያቸው። እኔ ነው እላለሁ፣ እሷ አይደለም ትላለች፣ ፍርድ ይሉሃል ይሄ ነው ብለው ስኒያቸውን ጨረሱ።

ከዚያ በኋላ አቶ ወልደየስ ወደ ድንጋዩ መደብ ተመለሱ። ሊካሰስ የመጣውንም ሰው ፊቱን አየት አድርገው፣ ተነሥተው ጓሮ ገብተው፣ በእጃቸው አፍልተው ያቀርቡለት ጀመር። በመጀመሪያ ሳቅ የቃጣው አልጠፋም፤ የሻዩን ስኒ ከዳኛው እጅ ሲቀበል ግን ሳቁ ይቀርበታል።

ክረምቱ ሲቃረብ የጓሮው ነገር ተነሣ። ከዝናቡ በፊት የሚነቀለውን ነቅሎ፣ የሚተከለውን የሚተክል፣ ምንጯንም የሚጠርግ ባለቤት ያስፈልጋል። አንዳርጌም ከደጋ ወረደ። ሦስቱ ልጆች በአባታቸው ፊት ቆሙ፤ መንደሩም የመጣው ሌላ ጊዜ እሱ በሚቆምበት ቦታ የዳኛው ልጆች ሲቆሙ ለማየት ነው።

ይታይሽ ቃሉ «የአጸደን ሻይ» ይላል አለች። ያንን ሻይ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አባቴም በአፋቸው አጸደ ናት ብለዋል፤ ቀምሰው መተዋቸው የሻዩ ጥፋት አይደለም አለች። አንዳርጌ ቃሉ «ያጠጣኝ» ይላል አለ። ከእጄ ተቀብለው እስከ አተላው የጠጡት የእኔን ነው፤ እናታችን ደግሞ እንደ ሰውየው ፊት ነበር የምታፈላው፣ እኔም እንዲሁ ነው ያደረግሁት አለ። ጥሩዘር እኔ የምለው የለም ብላ ነበር። ሰው ሁሉ ተናገሪ ሲላት ግን፣ አባቴ ዛሬም ይጠጣሉ፣ ነገም ይጠጣሉ፣ ነው ያሉትም እሳቸው ናቸው አለች።

መንደሩ ሦስት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ወገን ጥሩዘር አላጠጣችም፣ ራሳቸው አፍልተው ራሳቸው ጠጡ እንጂ አለ። መሪጌታው እንዲህ ያለ ሙግት ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ማጠጣት ስኒ ማቀበል ብቻ አይደለም፣ ከብቱን ወደ ወንዝ የወሰደ እረኛ አጠጣ ይባላል፣ ከብቱ ግን የጠጣው በራሱ አፍ ነው ብለው ተከራከሩ። ወዲያው ደግሞ ያው ክርክር አባቱን በእግራቸው ላቆመው ለአንዳርጌም እንደሚያገለግል ታያቸውና ነገ እመጣለሁ ብለው ሄዱ። ሌላው ወገን ደግሞ ጓሮው የአጸደ ከሆነ የሚገባው አጸደን ለመለሰችው ለይታይሽ ነው አለ። ሌላውም፣ አንዳርጌ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የምንጠጣው የአቶ ወልደየስን የሐዘን ሻይ ነበር ብሎ ተቆጣ።

ሁሉም ወደ አቶ ወልደየስ ዞረ። ጢማቸውን ዳበሱ።  ከዚያ በቀስታ ተናገሩ።

«ይታይሽ ባትነግረኝ ምን ቅጠል እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። አንዳርጌ ባያቆመኝ እስከ ጓሮው የምሄድበት እግር አልነበረኝም። ጥሩዘር እጄን ባትይዘኝ ደጁን አልሻገርም ነበር። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ የተናገርኩት አንድ ቃል ነው፤ የወለድኳቸው ግን ሦስት ናቸው።»

ሦስቱንም በየተራ አዩ።

«አጸደ ብትኖር ፊታችሁን አይታ ትፈርድ ነበር» አሉ። «እኔ ግን ፊታችሁን ሳይ የማየው እሷን ነው። በሦስታችሁም ላይ።»

ይህንን ብለው ከመደቡ ተነሡ። በዕድሜያቸው ሙሉ ፍርድ ሳይሰጡ ከዚያ ድንጋይ የተነሡት ያን ቀን ብቻ ነው። ጉዳዩንም ለሰሚው ተዉት፤ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር እኔ ዘንድ ደረሰ፣ እኔም ይኸው እናንተ ዘንድ አደረስኩት። ለሦስት ይካፈሉ የምትሉኝን አልቀበልም፤ ውሃው አንድ ነው። ሦስቱም ያሳዝናሉ የምትሉኝንም አውቄዋለሁ። ዳመናው ከደጋው ወርዶ ቆቅ ውሃ ላይ ደርሷል፣ የጓሮዋም ደጅ ክፍት ነው።

ተረቴን ሰምታችኋል። አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፤ በፍርድ አብሱልኝ። ሻይዋን ላገኘችው ለይታይሽ ነው? ላጠጣቸው ለአንዳርጌ ነው? ወይስ ማፍላቱን ላስለመደቻቸው ለጥሩዘር? አቶ ወልደየስ ቃላቸውን የሰጡት ለማን ነው፤ ጓሮውስ ለማን ይገባል?